መልስ፦ ከ46 ወደ 44 መውረድ «ማሽቆልቆል» ነው?

«እጩው በሳምንት ውስጥ ከ46 ወደ 44 በመቶ ቢወርድ፣ ዜናው ‹ድጋፉ አሽቆለቆለ› አለ። ልክ ነው?» ብለሃል። አይመስለኝም። እንዲያውም ምንም ያልተለወጠ ነገር ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው 1,000 ሰው ገደማ ነው። በዚህ ቁጥር የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው ድጋፍ ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደ 3 ነጥብ ወዲህና ወዲያ ይደርሳል። ስለዚህ 46 የተባለው ከ43 እስከ 49 የትም ሊሆን ይችላል። 44 የተባለው ደግሞ ከ41 እስከ 47። ጎን ለጎን አድርገህ እያቸው፣ ይደራረባሉ። ይሄ እንግዲህ ስልኩን ያላነሳው ሰውና የጥያቄው አቀራረብ ሳይቆጠር ነው። «በ2 ነጥብ እየመራ ነው» ሲሉህማ የባሰ ነው፤ በሁለት እጩዎች ልዩነት ላይ ህዳጉ እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ግን «ብዙም የተለወጠ ነገር የለም» የሚል አርዕስት ማን ይከፍታል? ለዚህ ነው «ተንኮታኮተ»፣ «ገሰገሰ» የሚበዛው። እኔ እንዲህ ያለ ግስ ሳይ መጀመሪያ ቁጥሩን ነው የምፈልገው።

ጩኸቱ ከምርጫ በኋላም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ትራምፕ ሲያሸንፍ «ጥናቶቹ ሁሉ ከሸፉ» ተባለ። አገር አቀፎቹ ጥናቶች ግን ተፎካካሪው ሂላሪ ክሊንተን በ3 ነጥብ ገደማ ትመራለች ብለው ነበር፤ በድምፅ ብዛት በ2 ገደማ በለጠች። በደንብ የሳቱት የአንዳንድ ግዛቶች ጥናቶች ናቸው።

እና ስለ እጩህ፣ ጥናቱን ያካሄደውን የዚያኑ ተቋም ቀጣይ ሦስት አራት ውጤት ጠብቅ። በሁሉም ከወረደ፣ «ወረደ» እንበል። «አሽቆለቆለ»ን ለ10 ነጥብ ያቆዩልን።