ቴዎሪ ኦፍ ስትራክቸር 2 ለከበዳት እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። ከሥሩ «በርቺ፣ ሁላችንም አልፈንበታል» የሚል ብዙ መልስ አለ። ማበረታቻው ጥሩ ነው። አንቺ የጠየቅሽው ግን እንዴት እንደሚጠና ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ላላያችሁት፣ ጥያቄዋ ይሄ ነው። 5 ኪሎ ሲቪል 3ኛ ዓመት ናት፤ የከበዳት ቴዎሪ ኦፍ ስትራክቸር 2፣ ጭነት መዋቅር ውስጥ የሚያመጣውን ኃይል የሚያሰላ ኮርስ ነው። የተሠራ ምሳሌ ስታይ ይገባታል። ባዶ ወረቀት ይዛ ስትቀመጥ ግን ከየት እንደምትጀምር ይጠፋታል። «ቢሮ ሁሉ በኢታብስ የሚሠራ ከሆነ ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት ምን ያደርግልኛል?» ብላም ጠይቃለች፤ ኢታብስ የሕንጻን መዋቅር የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ዲዛይን ቢሮ ነው የምሠራው። አዲስ ተመራቂ ሲመጣ አብሬ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያልሽውን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። የሚመጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ቀመሩንም ቸክለውታል። የሚጎድላቸው አንድ ነገር ነው። ቁጥር ከመንካታቸው በፊት መዋቅሩ ሲጫን ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚይዝ አይስሉም። አንቺም የተሠራውን ስታይ የሚገባሽ ያንን ውሳኔ ሌላ ሰው ስለወሰነልሽ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ የሚጠፋሽ ስሌቱ ሳይሆን እሱ ነው።

በምሳሌ እንየው። ሁለት ስፓን (በድጋፍና በድጋፍ መካከል ያለ ርቀት) ያለው ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ውሰጂ። እያንዳንዱ ስፓን 6 ሜትር ነው። ሁለት ድጋፍ ዳርና ዳር፣ አንድ ደግሞ መሐል ላይ አለው። ከዳር እስከ ዳር በሜትር 20 ኪሎ ኒውተን ተጭኖበታል። ካልኩሌተሩን አስቀምጪና በእርሳስ ሳዪው። ሁለቱም ስፓን ወደ ታች ይረግባል። መሐለኛው ድጋፍ ላይ ግን ቢሙ እንደ ማጠፊያ መሰበር አይችልም፤ ሳይቋረጥ ማለፍ አለበት። ስለዚህ እዚያ ላይ ጎበጥ ብሎ ያልፋል። በዚያ ቦታ የሚወጠረው የላይኛው ፊቱ ነው። ስፓኑ ውስጥ የሚወጠረው የታችኛው ነው። ውጥረቱ ከታች ወደ ላይ በሚዞርበት ነጥብ ደግሞ ሞመንቱ (ቢሙን የሚያጎብጠው ጉልበት) ዜሮ ነው። አየሽ፣ አንድም ቁጥር ሳትጽፊ የሞመንት ዳያግራሙን ቅርጽ ይዘሻል።

አሁን ቁጥሩ ይምጣ። በሞመንት ዲስትሪቢዩሽን፣ ሞመንትን ደረጃ በደረጃ በማከፋፈያው ዘዴ፣ እንሥራው። ድጋፎቹን በሙሉ ቆልፊያቸው። ያኔ በእያንዳንዱ ጫፍ የሚመጣው ሞመንት ጭነቱ በስፓኑ ካሬ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል ነው፤ 20 × 36 ÷ 12፣ ማለትም 60 ኪሎ ኒውተን ሜትር። ግን የዳሩ ድጋፍ በእውነት የተቆለፈ አይደለም፤ ሞመንት አይዝም። ስለዚህ ልቀቂው። ስትለቂው የ60ው ግማሽ፣ 30ው፣ ወደ መሐል ይሻገራል። 60 እና 30፣ 90። በሌላው ስፓንም ያው 90 ይመጣል። ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ የሚከፋፈል ነገር አልቀረም። ሥራው አለቀ።

ይህን መንገድ ሃርዲ ክሮስ የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1930 ነው ያሳተመው። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን መሐንዲሶች ብዙ ፎቅ ያለውን ፍሬም (የቢምና የምሰሶ ቅንብር) በእጅ ያሰሉት በእሱ ነው። ሰንጠረዡን ብቻ ከሸመደድሽው ግን ምኑም አይገባሽም። እያንዳንዱ መስመር «ቆለፍኩ፣ ለቀቅኩ፣ ግማሹ ተሻገረ» የሚል ታሪክ ነው። አፍሽን ከፍተሽ እየተናገርሽ ሥሪው። ላይብረሪ ውስጥ ከሆንሽ በልብሽ።

ከዚያ ወደ ስዕልሽ ተመለሺ። መሐል ላይ ከላይ የሚወጥር 90 አለሽ። የዳሩ ድጋፍ ስንት ይሸከማል? ስፓኑን ብቻውን ቁረጪና ሚዛኑን ጠብቂ፤ 45 ኪሎ ኒውተን ይመጣል። መሐለኛው 150። ሲደመር 45፣ 150 እና 45፣ 240። ጠቅላላ ጭነቱም 12 ሜትር በ20፣ 240 ነው። ትልቁ የስፓን ሞመንት ከዳር 2.25 ሜትር ላይ ሲሆን 50.6 ነው። ዜሮ የሚሆነው ደግሞ ከዳር 4.5 ሜትር ላይ ነው። ቅድም በእርሳስ የሳልሽው መዞሪያ ነጥብ እሱ ነው።

አሁን ያንኑ ቢም በሌላ መንገድ ሥሪው። መሐለኛውን ድጋፍ ከነጭራሹ አንሺው። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ተራ ቢም ይሆናል፤ መሐሉ ላይ 5400 ለኢአይ (ቢሙ መታጠፍን የሚቋቋምበት አቅም) ተካፍሎ ይረግባል። ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ደግሞ በእያንዳንዱ ኪሎ ኒውተን 36 ለኢአይ ተካፍሎ ይመልሰዋል። ድጋፉ ካለ መርገብ የለም። ስለዚህ 5400ን ለ36 አካፍዪ። 150! ቅድም ያገኘነው ራሱ ነው። ከአስር የተለያዩ ጥያቄዎች ይልቅ አንዱን በሁለት መንገድ መሥራት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሶሉሽን ማኑዋል ፍለጋ ቴሌግራም አትበረብሪም። ልክ መሆንሽን ራስሽ ታውቂያለሽ።

እዚህ ቢም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገና አላለቀም። ከአንዱ ስፓን ላይ ጭነቱን አንሺ። ጭነቱ በግማሽ ቀነሰ፤ ሁሉም ነገር በግማሽ ይቀንሳል ብለሽ ትጠብቂ ይሆናል። መጀመሪያ ሳዪው። የተጫነው ስፓን ይረግባል። ጎረቤቱ ስፓን ግን ወደ ላይ ይነሳል። የዳሩ ድጋፍ ቢሙን መሸከሙ ቀርቶ ወደ ታች መጎተት ይጀምራል፤ 7.5 ኪሎ ኒውተን። የመሐሉ ሞመንት በእርግጥ ከ90 ወደ 45 ይወርዳል። በተጫነው ስፓን ውስጥ ያለው ግን ከ50.6 ወደ 69 አካባቢ ይወጣል። ጭነት ተቀንሶ ሞመንት ጨመረ። ላይቭ ሎድን (እንደ ሰውና ዕቃ ያለውን ተንቀሳቃሽ ጭነት) እዚህም እዚያም እያቀያየርን የምንጭነው ለዚህ ነው። ኢንፍሉየንስ ላይን የሚባለው፣ ጭነት ቦታ ሲቀይር ውጤቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው ምዕራፍም የተፈጠረው ለዚህ ነው። ያንን ምዕራፍ «ለፈተና አይመጣም» ብለው የሚዘሉ ልጆች አሉ። ከሙሉ ኮርሱ ግን ሥራ ላይ ቶሎ የሚፈለገው እሱ ነው።

ሞመንቱን ከላይ ልሳለው ከታች ብለሽ የምትጨነቂ ከሆነ፣ ሌክቸረርሽ የሚጠይቀውን ለፈተና ያዢ። ለራስሽ ግን ሁልጊዜ በሚወጠረው ፊት በኩል ሳዪ። ፌሮ የሚገባው እዚያ ነውና። ይህን በዓይን ማየት ደግሞ ቀላል ነው። መሐል ከተማ የትም ዞር ብትዪ ሕንጻ እየተሠራ ነው። አንድ ፎርማን አስፈቅደሽ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ሶሌታ (የፎቁ ወለል) ላይ ውጪ። ፌራዮው ሲያስር ቆመሽ እዪው። ሶሌታው መሐል ላይ ዋናው ፌሮ ከታች ነው። ቢሙ ላይ ሲደርስ ከላይ ይመጣል። ባልኮኒው ላይ ደግሞ ዋናው ፌሮ በሙሉ ከላይ ነው፤ ባልኮኒ ካንቲሊቨር (በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ) ስለሆነ የሚወጠረው ላዩ ነው።

እዚያው ቆመሽ አንድ ነገር ተመልከቺ። አርማታ ሲሞላ ሠራተኛው ባሬላ ይዞ በዚያ የላይ ፌሮ ላይ ይመላለሳል። ፌሮው ከሥሩ መደገፊያ ከሌለው እየተረገጠ ወደ ታች ይወርዳል። ሶሌታው 15 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ፌሮው ከታችኛው ፊት 12 ሴንቲ ሜትር ላይ መሆን አለበት። 5 ሴንቲ ሜትር ተረግጦ ከወረደ ባልኮኒው መሸከም ከነበረበት ሞመንት 40 በመቶ ገደማውን አጣ። ፌሮው ሙሉ ነው፣ ቁጥሩም ልክ ነው፣ ቦታው ግን ጠፋ። ሞመንት የት በኩል እንደሚወጥር መሳል የፈተና ነጥብ ብቻ አለመሆኑን ይህንን ያየ ተማሪ አይረሳውም።

ግንባታ ቦታ የሚያስገባሽ ካጣሽ ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ በቀላል ባቡሩ ድልድይ ሥር በእግር ሂጂ። ቀና ብለሽ እዪ። የትኛው ምሰሶ ላይ ነው ግርደሩ (የድልድዩ ዋና ቢም) የሚቋረጠው? የትኛው ላይ ነው ሳይቋረጥ የሚያልፈው? ክፍተቱ የት ነው? ደብተርሽ ላይ ሳዪና ድጋፎቹን ምልክት አድርጊባቸው። ነጻ የሆነ ላብራቶሪ ነው።

ወደ ኢታብስ ልምጣ። ፕሮግራሙን አጥኚው፣ በጣም ያስፈልግሻል። ያለ እሱ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ሥራ የለም። ግን ይህንኑ ባለ ሁለት ስፓን ቢም በሳፕ 2000 ወይም በኢታብስ አስገቢው። የቢሙን መጠን 25 በ50 ሴንቲ ሜትር አድርጊ፣ 20ውን ዴድ (ቋሚ ጭነት) በሚለው ላይ ጫኚ። መሐል ላይ 90 ትጠብቂያለሽ፤ የሚያወጣልሽ ግን 103 ወይም 104 አካባቢ ነው። ለምን? ካልነካሽው በስተቀር ፕሮግራሙ የቢሙን የራሱን ክብደት ይደምራል። 0.25 በ0.5 በ25፣ በሜትር 3.1 ኪሎ ኒውተን ገደማ። እሱን ብታጠፊውም ከ90 ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ታያለሽ፤ በእጅ ስንሠራ የተውነውን የሺር (የቆራጭ ኃይል) መርገብ ስለሚቆጥር ነው። በእጅ ያልሠራ ሰው 104ን አይቶ ያልፋል። የሠራ ሰው ግን «ቆይ፣ ይሄ ከየት መጣ?» ይላል። ቢሮ ውስጥ የምንፈልገው ያንን «ቆይ» ነው።

ደግሞም በእጅ የምትማሪው ከፕሮግራሙ የተለየ ነገር እንዳይመስልሽ። ስሎፕ ዲፍሌክሽን የሚባለው የእጅ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1915 በጆርጅ ማኒ ነው የቀረበው። በውስጡ ያሉትን 4ኢአይ ለኤል እና 2ኢአይ ለኤል (ኤል የስፓኑ ርዝመት ነው) የሚሉትን በማትሪክስ ብትደረድሪያቸው የስቲፍነስ (የግትርነት) ማትሪክስ ይሆናሉ። ኢታብስ ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው። ስለዚህ ጊዜ ካጠረሽና አንዱን ዘዴ በጥልቀት መያዝ ካለብሽ ስሎፕ ዲፍሌክሽንን ያዢ። ሌላውን የእጅ ዘዴ፣ የሦስት ሞመንት ቀመሩን፣ ለፈተና ያህል ብቻ እለፊው።

አንድ ምዕራፍ ግን እንዳትዘይ፤ ወደ ጎን የሚሄድ ፍሬም። ረጅም ስለሆነ ሁሉም ይሸሸዋል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ ሲያስደነግጥ አይተናል። ያን ጊዜ ሕንጻዎቹን ያወዛወዛቸው የጎን ኃይል ነው። ኮለኑ (ምሰሶው) ከታችም ከላይም በተቃራኒ አቅጣጫ ይታጠፋል፣ መሐሉ ላይ ሞመንቱ ዜሮ የሚሆንበት ነጥብ አለው። እሱንም መጀመሪያ ሳዪው፣ ከዚያ አስሊው።

ስለ ጥናት ሰዓትሽ ብዙ የምለው የለኝም፤ ራስሽን አንቺ ታውቂያለሽ። የድሮ ፈተና ስትይዢ ግን ለመጀመሪያው ዙር ምንም አታስሊ። ሁሉንም ጥያቄ ቅርጹንና የሞመንቱን መልክ ብቻ እየሳልሽ ጨርሺው። አብርሆት ወይም ካምፓስ ላይብረሪ ከጓደኛሽ ጋር ተቀምጣችሁ ስዕላችሁን አወዳድሩ። የተለያያችሁበት ቦታ ነው መጠናት ያለበት። የስታቲክስ ክፍተት ካለብሽም እዚያው ይታወቃል። ሺርና ሞመንት በተራ ቢም ላይ ካቃተሽ ወደ ኋላ ተመለሺ፤ አያሳፍርም፣ ቶሎም ያልቃል።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥሽ። ያው ቢም፣ ያው ጭነት፤ ግን መሐለኛው ድጋፍ 10 ሚሊ ሜትር ቢሰምጥ የመሐሉ ሞመንት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የዳሮቹ ድጋፎችስ? ስዕሉን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ቁጥሩ ሊቆይ ይችላል። ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ። ሌሎቻችሁም ሞክሩት፣ ግን እሷ ሳትለጥፍ መልሱን አትጻፉ።