ማርጊት በር ላይ ለቆማችሁ፦ ጠይቁኝ

ሰላም የጎጃም ልጆች። ከደብረ ማርቆስ ነኝ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የወጣውን ኤልደን ሪንግ የተባለ የውጊያ ጌም ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያው ትልቅ ቦስ (የጠላት አለቃ) ማርጊት ብቻውን 41 ጊዜ ገድሎኛል፤ ቆጥሬዋለሁ። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እሱ በሚጠብቀው ቤተ መንግሥት በር ላይ ተሸንፋችሁ ጌሙን ልትተዉት መሆኑን ስሰማ ከልቤ አዘንኩ። ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፤ የገባኝን ያህል እመልሳለሁ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ሦስት ቀን ሙሉ ማርጊት ላይ ነኝ። ሌቭሌ 9 ነው። ምን ጎደለኝ?

ወንድሜ፣ ምንም አልጎደለህም፤ ቶሎ መጣህ እንጂ። ወርቃማው ብርሃን በቀጥታ ወደ እሱ ስለሚጠቁም ሁላችንም ተከትለነው እንሄዳለን። አሁን ጀርባህን ስጠውና ወደ ደቡብ ውረድ፤ ዊፒንግ ፔኒንሱላ የሚባለው አገር ለጀማሪ የተመቸ ነው። ከ20 እስከ 25 ሌቭል ይዘህ ተመለስ። የምታገኘውን ሩን (የጌሙን ገንዘብ፣ ሌቭልም የሚገዛበት ነው) መጀመሪያ ቪጎር ላይ፣ ማለትም ላይፍህ ላይ አፍስስ። ብዙ ልጆች ጉልበት ላይ ብቻ ይጨምሩና በሁለት ምት ይሞታሉ፤ በሁለት ምት የሚሞት ሰው ደግሞ ምንም ሳይማር ነው የሚሞተው። መሣሪያህንም ስሚዚንግ ስቶን በሚባለው ማጠናከሪያ ድንጋይ ቢያንስ እስከ +3 አድርሰው፤ ጌሙ ውስጥ ኤሌ ቤተ ክርስቲያን ያለው የማጠናከሪያ ጠረጴዛ እስከዚያ ይሠራልሃል።

ከመርዓዊ፦ ዶጅ አደርጋለሁ (ተንከባልዬ ምቱን እሸሻለሁ)፣ ግን ሁሌ ይመታኛል። ጆይስቲኩ ይሆን?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ጣትህ ላይ ነው። ጆይስቲኩ ላይ ያለችውን ክብ ቁልፍ ይዘህ ስትቆይ ሰውየህ ስለሚሮጥ፣ ጌሙ የሚንከባለለው ክቧን ስትጫን ሳይሆን ስትለቅ ነው። ፈርተህ ጭነህ ከያዝክ እስክትለቅ ድረስ ዱላው አርፏል። ነካ አድርገህ ወዲያው ልቀቅ። በፕሌይስቴሽን ቤት የምትጫወት ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው ያለፈበት ጆይስቲክ ቁልፉ ይለሰልሳል፤ ባለቤቱን ሻል ያለውን ስጠኝ በለው፣ ነውር የለውም።

ሁለተኛው ማርጊት ራሱ ነው። ዱላውን ሽቅብ ያነሳና ይቆያል። ያኔ ልብህ «መጣ!» ይልሃል፣ ትንከባለላለህ፤ እሱ ግን ገና አልወረደም። ተንከባልለህ ስትነሳ ነው የሚያወርድብህ። በእኛ አገር ቅኔ ሲፈታ የሰማ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፦ ሲነሳ የምታየው ዱላ ሰሙ ነው፣ ወርቁ ትከሻው ላይ ነው። እኔ 30 ጊዜ ያህል የሞትኩት ዱላውን እያየሁ ነበር። አንድ ማታ ለመምታት ሳይሆን ለማየት ብቻ ልግባ ብዬ ሰይፌን ሳልሰነዝር ዞርኩት። ትከሻው ወደፊት ሲሰበር ብቻ፣ ወደ ኋላ ሳይሆን በጎኑ ወደ እሱ ተንከባለልኩ። ከጀርባው ወጣሁ። ጀርባው ባዶ ነበር! ከዚያ በኋላ አንድ ምት ብቻ፣ ቢበዛ ሁለት። ሦስተኛዋን ስትመኝ ነው የሚገድልህ።

የዕቃህን ክብደትም እይ። ከአቅምህ 70 በመቶ በታች ካልሆነ እንደ ጆንያ ነው የምትንከባለለው።

ከእንጅባራ፦ እኛ የፈረሰኛ አገር ልጆች ነን። በቶረንት፣ በጌሙ ፈረስ ላይ ሆኜ ልግጠመው?

አይቻልም፣ እዚያ ሜዳ ፈረሱን መጥራት አይፈቀድም። ደቡብ ስትወርድ ግን ቶረንት ጀርባ ላይ ሆነህ ያሻህን አድርግ፤ እናንተ ደግሞ ታውቁበታላችሁ።

ከሞጣ፦ ተኩላዎቹን መጥራት ማጭበርበር ነው ይሉኛል።

አይደለም። የመጥሪያውን ደወል የጌሙ ፈጣሪዎች ራሳቸው ናቸው ያስቀመጡልህ። ቶረንትን ካገኘህ በኋላ በሌሊት ወደ ኤሌ ቤተ ክርስቲያን ሂድ፤ ሬና የምትባል ሴት ደወሉንና ሦስቱን ተኩላዎች የምትጠራበትን አመድ ትሰጥሃለች። ማርጊት ወደ እነሱ ሲዞር አንተ ትተነፍሳለህ። በሩ አጠገብ ባለው ወርቃማ ምልክት ሮጂየር የሚባለውን አስማተኛም መጥራት ትችላለህ፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ልዩነቱን ግን እወቅ፦ ሮጂየርን ስትጠራ የቦሱ ላይፍ ይጨምራል፣ ተኩላዎቹን ስትጠራ አይጨምርም። ለእኔ ተኩላዎቹ ይሻላሉ።

ከቡሬ፦ ሰንሰለቱን ልግዛ?

5000 ሩን ካለህ ግዛ። መርክዋተር ዋሻ ውስጥ ፓችስ ይሸጥልሃል። ማርጊትን መሬት ላይ ለአፍታ ያስረዋል። መጀመሪያ ላይ ተጠቀምበት፤ ማርጊት የብርሃን መዶሻውን ካወጣ በኋላ ግን ይሠራል ብለህ አትጠብቅ።

ከዚያው ከቡሬ፦ ፍላስክ (ላይፍ የሚመልሰውን መድኃኒት) ስጠጣ ሁሌ ቢላ ይወረውርብኛል!

አዎ፣ ስትጠጣ ያይሃል። ሸሽተህ ርቀህ አትጠጣ። የጀመረውን ምት ጨርሶ ዱላው መሬት ላይ እያለ ጠጣ።

ከዳንግላ፦ መብራት ቢጠፋ ሁሉም ይጠፋል ወይ?

ጌሙ በየጊዜው ራሱ ያስቀምጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ብቻ ነው የምታጣው። ግን በድንገት ሲጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። እኔ ላይ ደርሷል፤ የሁለት ሳምንት ድካም አንድ ማታ ሄደ፣ አልቅሻለሁ ብል አላፍርም። ፒኤስ 4 ከሆነ በሴቲንግስ ገብተህ የተቀመጠውን ዳታ ወደ ፍላሽ ገልብጥ። እኔ አሁን በየሳምንቱ እሑድ እገለብጣለሁ። በጌም ቤት የምትጫወቱም፣ ጌሙ በአንድ አካውንት እስከ 10 ካራክተር ይይዛል፤ ለየራሳችሁ ክፈቱ፣ የሌላውን አትንኩ።

ከደጀን፦ እኔ አባት ነኝ። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ይህን ጌም ሲጫወት ለራት ብጠራው አይመጣም። ምን ይሻላል?

አባቴ፣ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። በቅድሚያ እውነቱን ልንገርዎት፤ ጌሙ ደም አለበት፣ አውሮፓ ውስጥ ከ16 ዓመት በላይ ተብሎ ነው የተመደበው። ስለዚህ ይጫወት አይጫወት የእርስዎ ውሳኔ ነው። ከፈቀዱለት ግን አንድ ነገር ይወቁለት፦ ውጊያ መሃል እንደ ኳስ ጌም ማቆሚያ የለውም። «ትንሽ ቆዩኝ» የሚልዎት ንቆዎት ላይሆን ይችላል። ልጁ ወደ ቦሱ በር ከመግባቱ በፊት ይንገሩት፤ «ራት ደርሷል፣ አትግባ» ይበሉት። ከውጊያው ውጭ ሆኖ አልችልም ካለ ግን እውነቱን አይደለም፤ በማንኛውም ሰዓት አስቀምጦ መውጣት ይችላል። አንድ ቀንም አጠገቡ ይቀመጡና ምን እንደገደለው ያስረዳዎት። በጣም ደስ ይለዋል።

ከባሕር ዳር፦ እኔ ማርጊትን ካለፍኩ ቆየሁ። ማሌኒያ ግን ልታሳብደኝ ነው። እባክህ!

እህቴ፣ እሷ ሌላ ናት። መግደሏ ግዴታ ያልሆነ ቦስ ናት፤ እሷን ሳትነኪ ጌሙን መጨረስ ትችያለሽ። ግን አትተያት።

ጋሻ የለመድሽ ከሆነ እዚህ ጣይው። ስትመታሽ ላይፏ ይመለሳል፤ ጋሻሽን ብትመታም ይመለሳል። ቅዝቃዜና ደም መፍሰስ ያለው መሣሪያ ይጎዳታል። ከባድ መሣሪያ ደግሞ ቶሎ ያንገዳግዳታል፤ እኔ በትልቅ መዶሻ ነው የጣልኳት።

የምትገድልሽ ያቺ አየር ላይ ተንሳፋ የምታወርደው የሰይፍ ጭፈራ መሆኗን አውቃለሁ። ላይፏ ወደ ሦስት አራተኛ ሲወርድ ትጀምራታለች። ከዚያ ወዲህ ከአጠገቧ አትቆይ፤ አንድ መተሽ ራቂ። ስትንሳፈፍ ካየሽ ጀርባሽን ሰጥተሽ ሩጪ፤ የመጀመሪያው ዙር ባዶ ይመታል። ሁለተኛው ሲመጣ በእሷ በኩል ተንከባለይ፣ ሦስተኛውም እንደዚያው፣ ከሥሯ ታልፊያለሽ። ሩጫው ካልሆነልሽ በረዶ ያለውን ማሰሮ ተንሳፋ ሳለች ወርውሪባት፣ ትወድቃለች። ሁለተኛው ምዕራፍ ሲጀምር ቀይ አበባ ሆና ከላይ ትወርዳለች፤ እስክትፈነዳ ሽሺ፣ ከዚያ ለአፍታ ስለምትደክም ተመልሰሽ ምቻት።

ከቢቸና፦ አሁን፣ ይህን እያነበብኩ፣ ማርጊትን ጣልኩት!!! ተኩላዎቹ ናቸው ያዳኑኝ። ቀጥሎ ምን አለ?

እልል! የእኔ ጀግና! ቤተ መንግሥቱ በር ላይ አንድ ሰውዬ ያነጋግርሃል፤ በዋናው በር ወይስ በጎን ባለው ቀዳዳ መግባት እንደምትፈልግ ስትጠየቅ ቀዳዳውን ምረጥ። በዋናው በር ከገባህ ትልልቅ ቀስቶች ይጠብቁሃል። አሁን ግን ግሬሱ (የማረፊያው ብርሃን) ላይ ተቀመጥ፣ ሩንህን ተጠቀምበት፤ ውስጥ ቀጣዩ ትልቅ ቦስ ጎድሪክ አለ።