የድሮውን የወለል ታይል በማሽን ልፋቀው?

ጥያቄው ከሜሪላንድ ነው። «ጋሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 የተሠራ ቤት ገዛን። የቤዝመንቱን ምንጣፍ ሳነሳ ከሥሩ 9 በ9 ኢንች የሆነ ታይል አገኘሁ፤ የተጣበቀው በጥቁር ማጣበቂያ ነው። ጥቂቱን ፈንቅዬ ጠረግሁት። ጓደኛዬ ‹አስቤስቶስ ነው፣ ካንሰር ያመጣል› ብሎ አስደነገጠኝ። የቀረውን ለመፋቅ ማሽን ተከራይቻለሁ። ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ ማሽኑን ዛሬውኑ መልስ። በዚያ ዘመን ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ታይል ካየሁ፣ ላብራቶሪ አይደለም እስኪለኝ ድረስ አስቤስቶስ አለው ብዬ ነው የምነሳው። አስቤስቶስ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ማዕድን ነው፤ ታይሉ ካልተሰበረ ክሩ ውስጡ ታስሮ ይቀመጣል። ጣጣው ሲፋቅ፣ ሲቆረጥና ደረቁን ሲጠረግ ነው። የሚቦነው ክር አይታይም፣ አይሸትም፣ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል። ሳንባ ከገባ ደግሞ ሰውነት በቀላሉ አያስወጣውም። ሜሶቴሊዮማ የሚባለው ካንሰር የሳንባን፣ አንዳንዴም የሆድ ዕቃን ሽፋን ነው የሚይዘው፤ እስኪታወቅ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ይፈጃል።

በብዛት የተጎዱት መርከብ ሠሪዎች፣ የቦይለርና የቧንቧ ሠራተኞች ናቸው። ሚስቶቻቸውም አልቀረላቸውም፤ አቧራ የጠጣውን የሥራ ልብስ እያራገፉ በማጠባቸው ብቻ። እኔም የሥራ ልብሴን ለብሼ ቤት አልገባም። ሲጋራ ሜሶቴሊዮማን አያመጣም። ግን አጫሽ ከሆንክ፣ ሲጋራና አስቤስቶስ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር አደጋው እጅግ ይጨምራል።

ለአንድ ቀን ጠረጋ እንቅልፍ አትጣ። ምንም ጉዳት የለውም የሚባል ልክ ባይኖርም፣ አደጋው የሚከብደው በብዛትና ለረጅም ጊዜ ለተጋለጠ ሰው ነው። ለሐኪምህ ንገረው፣ መዝገብህ ላይ ይስፈር።

አሁን ልጆቹን ከቤዝመንት አርቅ፣ የማሞቂያውን ማራገቢያ አጥፋ። መጥረጊያም የቤት ቫኪዩምም አታስነካው፤ ቫኪዩሙ ክሩን በኋላው መልሶ ይተፋዋል። ሰማያዊው የሐኪም ቤት ማስክም አያድንህም። ፈቃድ ያለው መርማሪ ጥራና ናሙና ይውሰድ፤ የታይሉም የማጣበቂያውም ለየብቻ ይመርመር። አስቤስቶስ ከተገኘ የተሰባበረውን ባለፈቃድ አንሺ ያጽዳው። ደህናው ሳይነካ አዲስ ወለል ከላይ ቢነጠፍ ነው የምመርጠው፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ደግሞ የድሮ ቦይለር ካለ ቧንቧዎቹን ቀና ብለህ እያቸው። ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለባቸው፣ የመጠቅለያው ጫፍም እንደ ካርቶን ውስጠኛው ክፍል የተሸበሸበ ከሆነ፣ ያ ከታይሉ ይብሳል፤ በቀላሉ ይፈረፈራል። ጣትህን ሳታስነካ ከሩቅ ፎቶ አንሳና ለመርማሪው አሳየው።