እጄን ያወጣሁበት ቀን

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ቡና ልትጠጣ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ፓርቲያቸው በምርጫ ክልላቸው ለፓርላማ አንድ ዕጩ ሊያቀርብ ነው፤ አባላቱ ከሁለት ሰዎች አንዱን ይመርጣሉ። «አጎቴ፣ የትኛውን ልደግፍ?» አለችኝ። ሲኒዬን ይዤ ዝም አልኩ።

ትዝ ያለኝ 1997 ነው፤ ከግንቦት 7ቱ ምርጫ ጥቂት ወራት በፊት። ያኔ የውሃ መሐንዲስ ነበርኩ። ፓርቲውን ስሙን አልጠራም። ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ 34 ሰዎች ተሰበሰብን። አንደኛው ተወዳዳሪ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ አባቱ ደግሞ የጽዋ ማኅበርተኛዬ ናቸው። ሁለተኛው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ድምፁ ከሦስተኛው ወንበር አያልፍም።

መምህሩ የተማሪ ደብተር ይዞ ተነሳ። ክረምቱን ሙሉ ከተማው ውሃ ከሚያገኝበት ከአንገረብ ግድብ በላይ ያለውን ተዳፋት በእግሩ ዞሮታል። የማን ማሳ እንደተሸረሸረ፣ ደለሉ በየትኛው ሸለቆ አድርጎ ግድቡ ውስጥ እንደሚገባ በእርሳስ ስሎታል። «ይህ ካልተገታ ከተማው ይጠማል» ብሎ ተቀመጠ። ከኋላ አንድ ሰው አዛጋ። እኔ ግን ሥዕሉን አይቼዋለሁ፤ ልክ ነበር። ልክ መሆኑን በሙያው የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ትንፍሽ አላልኩም።

ያኛው ስለ ፋሲልና ስለ ቴዎድሮስ ተናገረ። ጭብጨባው ቀለጠ። እጅ አውጡ ተባለ። አባትየው ከፊት ወንበር ዞር ብለው አዩኝ። አወጣሁ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ እኔን አይቶ አወጣ። 18 ለ16። የሁለታችን እጅ ለመምህሩ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር።

ጃንተከል ዋርካው ጋ ደረስኩበትና «አይዞህ» አልኩት። ደብተሩን ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ከቶታል። «እርስዎ እኮ ያውቁት ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለምንም ነገር ተወዳድሮ አያውቅም።

አንገረብ በደለል መሞላቱን ቀጠለ። ውሃ በፈረቃ ሲሆን እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ቧንቧውን ታዳምጥ ነበር። መጀመሪያ አየር ያፏጫል። «መጣች!» ትልና ጀሪካኑን ታስጠጋለች። ያን ፉጨት በሰማሁ ቁጥር የማየው የመምህሩን ደብተር ነው።

ልጆቼ፣ ገንዘብ ከሚረጭ ሰው ራቁ አልላችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። የምላችሁ ሌላ ነው። በእኛ አገር ምርጫ በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው ፓርላማ የሚገባው። ከ547ቱ ወንበር አንዱን ለአምስት ዓመት ይይዛል። ፓርቲያችሁ ጠንካራ በሆነበት ሰፈር ዋናው ምርጫ እናንተ አዳራሽ ውስጥ አለቀ ማለት ነው። እናንተ ደግሞ ሰውን በቲክቶክ አንድ ደቂቃ አይታችሁ ትጨርሱታላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። ግን እኛስ? አንድ ሰዓት ሙሉ ሰምተንም ያው በአንደበት ነው የተወሰድነው። ቢያንስ እናንተ ፊት ለፊት ትጠይቃላችሁ፤ እኛ አንደፍርም ነበር።

ለእህቴ ልጅ መጀመሪያ «የምታውቂውን ሰው አትምረጪ» አልኳት። ወዲያው መልሼ «ጎረቤቶቹን ሄደሽ ጠይቂ» አልኳት። «ታዲያ ካወቅሁት በኋላስ?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። ለማለት የፈለግሁት የሥጋ ዝምድናንና ማኅበርን ነበር፤ ሥራውንማ ማወቅ አለባት። በሙያዋ ነርስ ናት። ስለ ጤና ጣቢያው የሚሉትን ከእሷ የተሻለ የሚመዝን የለም። ካወቀች ደግሞ ተነስታ ትናገር፤ እኔ የቀረሁት እዚያ ላይ ነው። ድምፁም በወረቀት፣ በምስጢር እንዲሰጥ ከወዲሁ ይጠይቁ። የማንም አባት ዞሮ አይያቸው።

ስብሰባቸው እሁድ ነው። መምህሩ ጡረታ ወጥቶ አዘዞ እንደሚኖር ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ። ደብተሩን አስቀምጦት እንደሆነ ልጠይቀው እፈልጋለሁ።