ስካን ወይስ ፔንቴስት? የቱ ይቅደም?

ጥያቄ፦ የምሠራበት ድርጅት ወደ ሰማንያ ኮምፒውተሮችና አምስት ሰርቨሮች አሉት። ኔትወርኩን የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ትልቅ ደንበኛችን «የኔትወርካችሁን ደህንነት አስፈትሹና ውጤቱን አሳዩን» አለን። ሥራ አስኪያጃችን ፔንቴስት (ባለሙያ እንደ አጥቂ ሆኖ ለመግባት የሚሞክርበት ፍተሻ) ይደረግ አሉ። ሦስት ድርጅቶች ዋጋ አቀረቡ። ሁሉም ፔንቴስት ነው ይላሉ፤ የአንዱ ዋጋ ግን የሌላውን አምስት እጥፍ ነው። እስከዛሬ ምንም ፍተሻ አስደርገን አናውቅም። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ ሦስቱ ያቀረቡልዎት አንድ ዓይነት ሥራ አይመስለኝም። ርካሹ ስካነር (ክፍተቶችን በራሱ የሚፈልግ ሶፍትዌር) አስነስቶ፣ የወጣውን ሪፖርት አርማውን ለጥፎበት የሚያስረክብ ሊሆን ይችላል። ስካን ጠቃሚ ነገር ነው። በፔንቴስት ስም ሲሸጥ ግን ያናድደኛል። ለማጣራት የደንበኛው ስም የተሰረዘበት የቀድሞ ሪፖርት ይጠይቁ። ከዳር እስከዳር የሲቪኢ ቁጥር (ለታወቁ ክፍተቶች የሚሰጥ መለያ) እና ባለቀለም ሠንጠረዥ ከሆነ ስካን ነው። «በዚህ ገባን፣ ከዚያ ወደዚህ ተሻገርን፣ ይህን ፋይል ከፈትን» የሚል ከሆነ ሰው ለፍቶበታል።

ስካን የታወቁ ክፍተቶች የት የት እንዳሉ ይነግርዎታል። ኔሰስ ወይም ኦፕንቫስን የመሰለ መሣሪያ ማሽኖቹን እየዞረ ክፍት ፖርቶችን (የኔትወርክ መግቢያ በሮችን) እና የሶፍትዌር ቨርዥኖችን ያያል፤ ከታወቁ ክፍተቶች ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ስካነሩ አካውንት ተሰጥቶት፣ ሎግኢን አድርጎ ይፈትሽ። ውጭ ቆሞ የሚያይ ስካነር ሰርቨሩ ስለ ራሱ የሚናገረውን ያምናል። ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ደግሞ የቨርዥን ቁጥሩን እንዳለ ትተው ክፍተቱን ብቻ ይደፍናሉ። ስለዚህ የተደፈነውን «ክፍት ነው» ብሎ በከንቱ ያደክምዎታል። ሎግኢን አድርጎ ሲገባ ግን የተጫነውን ፓኬጅ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ የጎደለውን ፓችም (ክፍተት መድፈኛ ማሻሻያ) ለይቶ ያወጣል።

ፔንቴስት የሚያሳየው አጥቂ በእነዚህ ክፍተቶች ገብቶ የት ድረስ መድረስ እንደሚችል ነው። ፕሪንተር እንውሰድ። ስካነር «የፋብሪካ ፓስወርድ አልተቀየረም» ብሎ ከዝርዝሩ መሃል ይጥለዋል፤ ማንም ልብ አይለውም። ጥሩ ፈታሽ ግን በዚያው ፓስወርድ ይገባል። ፕሪንተሩ ሰነዶችን ወደ ሰርቨር የሚልክበትን አካውንት ያገኛል። ያ አካውንት «ለጊዜው» ተብሎ የአድሚን መብት ተሰጥቶት ከነበረ፣ በፕሪንተር በኩል ሰርቨሩ ተወሰደ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰንሰለት የሚያየው የሰው ዓይን ነው፤ የፔንቴስት ገንዘብ የሚከፈለውም ለዚህ ነው።

እናንተ ጋ ግን ፍተሻ ተደርጎ ስለማያውቅ፣ ስካኑና የኮንፊገሬሽን (የቅንብር) ክለሳው ይቅደም ባይ ነኝ። በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር የተሰራጨው ማይክሮሶፍት ፓቹን ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። እንዲህ ያለውን ክፍተት ስካነር በቀላሉ ያገኘዋል፤ የፈታሹን ውድ ቀናት ለምን ይበላል? በክለሳው የፋየርዎል ሕጎችን፣ ቪፒኤኑን፣ ሥራ የለቀቁ ሰዎችን አካውንት ይዩ። የተገኘውን ከጠገኑ በኋላ ፔንቴስቱን ያስገቡ።

ከዚያ በፊት ግን ደንበኛዎ የሚፈልገውን በጽሑፍ ይንገርዎት። ምናልባት የስካን ሪፖርት ይበቃው ይሆናል። ነገሩ የካርድ ክፍያ የሚነካ ከሆነ ግን ምርጫ የለዎትም፤ ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው የካርድ ክፍያ ደህንነት መስፈርት በየሦስት ወሩ ስካን፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ደግሞ ፔንቴስት ይፈልጋል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ሬድ ቲም የሚሉትን (እንደ እውነተኛ አጥቂ በድብቅ የሚደረገውን ሙከራ) ለአሁኑ ይተዉት። እሱ ጥቃት የሚከታተል ቡድን ላላቸው ነው።

ውሉ ላይ የሚፈተሹት አይፒዎች፣ የተፈቀደው ሰዓት፣ ሰርቨር ከወደቀ የሚደወልለት ሰው በግልጽ ይጻፉ። የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ሳይኖር ማንም እንዳይጀምር። ከጥገናው በኋላ የሚደረገው ድጋሚ ፍተሻም በዋጋው ውስጥ መካተቱን ሳያረጋግጡ አይፈርሙ።