«ቴምፐራንስ» መጠጥ መተው ብቻ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የድሮውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብ ገላትያ 5፥23 ላይ «ቴምፐራንስ» የሚል ቃል አገኘሁ። አማርኛው «ራስን መግዛት» ይላል። ልጄ ግን በታሪክ ትምህርት የተማረችውን ይዛ፣ «ቴምፐራንስ ማለት የመጠጥ ተቃዋሚዎች እንቅስቃሴ ነው» ብላ ተከራከረችኝ። «ቴምፐር» ደግሞ ቁጣ ነው። ሦስቱን ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺም ልጅሽም ልክ ናችሁ። ሁሉም የወጡት «ቴምፔራሬ» ከሚል የላቲን ግሥ ነው። በልኩ መቀላቀል፣ መመጠን ማለት ነው። ሮማውያን ወይን ጠጅ በውሃ ሲበርዙ ይህንኑ ቃል ይጠቀሙ ነበር። ልብ በይ፤ ወይኑን ድፉት አይልም፣ በልኩ በርዙት ነው የሚለው።

እኔ እንግሊዝኛ ያስተማርኩት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ይህን ቃል ለማስረዳት ተማሪዎቼን ወደ ብረታ ብረት ክፍል ይዤ እሄድ ነበር። መሮ ሲሠራ ብረቱ ፍም እስኪመስል ይግልና ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ይነከራል። ያን ጊዜ በጣም ይጠነክራል፤ ግን በመዶሻ ሲመታ ጫፉ ይሸረፋል። ስለዚህ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ወልውለው እንደገና ቀስ አድርገው ያሞቁታል። የተወለወለው ብረት ላይ ቀለም መምጣት ይጀምራል። 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ የገለባ ቢጫ ይሆናል። ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ 300 አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ። ባለሙያው የሚፈልገውን ቀለም ሲያይ ቶሎ ብሎ ያቀዘቅዘዋል። መሮው ከጥንካሬው ጥቂት ይቀነስለታል፤ በምትኩ ዱላ ይችላል። ይህ ሥራ በእንግሊዝኛ «ቴምፐር ማድረግ» ይባላል። ለእኔ የቃሉ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ቁጣውስ? በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋለንና ተከታዮቹ የሰው ጤናም ጠባይም በአራት ፈሳሾች ይወሰናል ብለው ያምኑ ነበር፦ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት። እንግሊዝኛ የዚህን ቅልቅል ሚዛን «ቴምፐር» አለው። እናም ሰው «ቴምፐሩን አጣ» ሲባል ሚዛኑን ሳተ ማለት ነው፤ የጠፋው እርጋታው ነው። ቃሉ ከንዴት ጋር አብሮ ሲነሳ ኖሮ ግን ኋላ ራሱ ንዴት ሆኖ ቀረ። «ቴምፕሬቸር»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ወደ ገላትያ እንምጣ። ጳውሎስ የጻፈው በግሪክኛ «ኤንክራቴያ» ብሎ ነው። ውስጡ «ክራቶስ» አለ፤ ኃይል፣ ሥልጣን ማለት ነው። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም «ቴምፐራንስ» አለው። የእኛው «ራስን መግዛት» ለግሪኩ ይበልጥ ይቀርባል ባይ ነኝ። ይኸው ቃል የሐዋርያት ሥራ 24፥25 ላይም አለ። እስረኛው ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ኵነኔ ሲናገር ገዢው ፊልክስ ፈራ። አገር የሚገዛው ሰው ራስን ስለ መግዛት ሲሰማ ደነገጠ! ይህን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ።

የልጅሽ ታሪክ ከዚህ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው። የአሜሪካ ቴምፐራንስ ማኅበር በ1826 ቦስተን ውስጥ ተመሠረተ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ላይ ትግሉ በዋናነት እንደ ውስኪና ሮም ካሉ ኃይለኛ መጠጦች ጋር ነበር። እያደር ግን ቢራም ወይንም ተጨመሩና ጨርሶ አለመቅመስ ሆነ። ሴቶቹ በ1874 የራሳቸውን ኅብረት አቋቋሙ። ባል ደሞዙን መጠጥ ቤት ጨርሶ ሲገባ የሚራቡት እነሱና ልጆቻቸው ነበሩና አልፈርድባቸውም። በመጨረሻ መጠጥ መሥራትና መሸጥ የሚከለክለው ሕግ በ1920 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1933 ተሻረ።

ጨርሶ ለማይቀምስ ሰው እንግሊዝኛ ሌላ ቃል አለው፤ «ቲቶታለር»። በ1833 እንግሊዝ ውስጥ፣ ፕሬስተን ከተማ፣ ሪቻርድ ተርነር የተባለ ሠራተኛ በስብሰባ ላይ ከተናገረው የመጣ ነው ይባላል። ልጅሽ ስለ እንቅስቃሴው የምትጽፈው ነገር ካላት ሁለቱን ቃላት ለይታ ትጻፋቸው።