ያ ትወና የተጋነነው ሆን ተብሎ ነው

ወንድሜ፣ «92 ጥቁሯ ጽጌረዳ» የሚለውን የሆንግ ኮንግ ኮሜዲ አይተህ መሪ ተዋናዩ ቶኒ ልዩንግ ካ-ፋይ ለምን እንደዚያ እንደሚያጋንንና ድንገት ለምን እንደሚዘፍን ጠይቀሃል። ትወናው አልከሸፈም፤ ሆን ብሎ ነው።

ፊልሙ (እ.ኤ.አ. 1992) የሚያሾፈው በ1960ዎቹ በካንቶንኛ፣ ማለትም በሆንግ ኮንግ ሰዎች ቋንቋ፣ በተሠሩ ፊልሞች ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ጄፍ ላው የተነሳው በ1965 ከወጣው «ጥቁሯ ጽጌረዳ» ነው፤ ከሀብታም ሰርቃ ለድሃ ስለምትሰጥ ጭምብል ለባሽ ጀግና የሚተርክ ፊልም ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ ፊልሞች ተጣድፈው፣ በትንሽ ገንዘብ ነበር የሚሠሩት። እንባውም ፍቅሩም ዘፈኑም የተትረፈረፈ ነበር።

ቶኒ የሚጫወተውን ፖሊስ ስም ልብ ብለኸዋል? ሉይ ኬይ ይባላል። ይህ የዚያ ዘመን ዝነኛ መልከ መልካም ተዋናይ ስም ነው። የፀጉር አያያዙን፣ አነጋገሩን፣ ዓይን አጣጣሉን ሁሉ ከእሱ ወስዶታል። የሆንግ ኮንግ ተመልካች ገና ሲያየው ነው የሚስቀው።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የምትነካኝ ፉንግ ቦ-ቦ ናት። በ1960ዎቹ የሕፃናት ኮከብ ነበረች፤ ያ ሲኒማ ያሳደጋት ልጅ ማለት ነው። እዚህ ፊልም ላይ የድሮ ፍቅረኛዋ የመጣ መስሏት ቶኒን ስታይ፣ እሱም የድሮ የፍቅር ዘፈን ሲዘፍንላት፣ ቀልዱ ውስጥ እውነተኛ ናፍቆት አለ። ሁለቱም በዚህ ፊልም የሆንግ ኮንግ ፊልም ሽልማት አግኝተዋል፤ እሱ በምርጥ ተዋናይነት፣ እሷ በምርጥ ረዳት ተዋናይትነት።

ከቻልክ መጀመሪያ የ1965ቱን ፈልገህ እይ፤ ከዚያ ይሄኛውን ድገመው። ያላሳቀህ ቦታ ሁሉ ያስቅሃል።